ውዝፍ ጥገና ምንድን ነው?

የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንድ ተንታኝ እንዲህ ይላል፦ «እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ ለአምስት ዓመት፣ በየዓመቱ እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ውዝፍ ጥገናው ግን በ2018 ከነበረበት 12 ቢሊዮን ገደማ በ2023 ወደ 23 ቢሊዮን አሻቀበ። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?»

በመጀመሪያ፣ ከ1.9 ቢሊዮኑ ብሔራዊ ፓርኮቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ የፓርኮች አገልግሎት፣ ድርሻ 70 በመቶ ነው። ዋናው ስሕተት ግን ያ አይደለም። «ውዝፍ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ውዝፍ ግብርን ነው፤ በከፈሉት ልክ የሚቀንስ ዕዳ። ውዝፍ ጥገና ጊዜው ደርሶ ያልተሠራ ጥገና ነው፤ ጠባዩም የሚያፈስ ጣሪያ ነው። አንድ ምስማር ላልቶ ውሃ ሲገባ ወጪው የምስማር ነው። ሲከርም ማገሩ ይበሰብሳል፣ ቀጥሎ ኮርኒሱ፣ ቀጥሎ ግድግዳው። ጠጋኙ ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲገልጥ ደግሞ ከታች ያልታየ ብስባሽ ያገኛል፤ ሒሳቡ ያን ዕለት ይጨምራል፣ ጣሪያው ግን ያን ዕለት አልባሰም። የፓርኮቹም ቁጥር ከናረባቸው ምክንያቶች አንዱ የግምት ዘዴው መቀየሩ ነው። ቁጥሩ ግምት እንጂ ደረሰኝ አይደለም።

አስፋልትን እንይ። ስንጥቁ በአየር ግፊት ይጸዳል፣ ይደርቃል፣ ትኩስ መድፈኛ ይፈስበታል፤ እርጥብ ላይ ከፈሰሰ አይይዝም። ሳይደፈን ከቀረ ውስጡ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ያብጥና ስንጥቁን ያሰፋዋል። የሥሩ ጠጠር አንዴ ከላላ መድፈን ከንቱ ነው፤ መንገዱን ቆፍሮ አውጥቶ እንደ አዲስ ማንጠፍ ነው።

ግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሮሪንግ ስፕሪንግስ ከሚባል ምንጭ ውሃ የሚያመጣው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የአሉሚኒየም ቧንቧ በ1960ዎቹ የተዘረጋ ነው። ከ2010 ወዲህ ከ85 ጊዜ በላይ ክፉኛ ተሰብሯል። በኦገስት 2024 አራት ቦታ ሲሰበር በደቡቡ ጠርዝ ያሉ ሆቴሎች እንግዳ ማሳደር አቆሙ። ቧንቧ ሲያረጅ እያንዳንዱን ስብራት መበየድ ጥገና መሆኑ ያበቃል።

ለጥገና የወጣው ገንዘብ ይህን ያህል «ሥራ ፈጠረ» የሚሉ ጥናቶችም እንዲሁ በጥንቃቄ ይነበቡ። በእነዚህ ጥናቶች «አንድ ሥራ» ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው የአንድ ዓመት ሥራ ነው፤ አምስት ዓመት የሠራ አንድ ግንበኛ አምስት ሆኖ ይቆጠራል። ትልልቁን ውል የሚያሸንፈው ተቋራጭም ሠራተኞቹን ከሩቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በአካባቢው የሚኖረው፣ በየዓመቱ ስንጥቅ የሚደፍነውና የጎርፍ ቦይ የሚጠርገው ሰው ደመወዝ የሚወጣው ግን ከመደበኛው ዓመታዊ በጀት ነው። የ2020ው ሕግ ደግሞ የተመደበው ገንዘብ የዚያን ዓመታዊ ጥገና በጀት እንዳይተካ በግልጽ ይከለክላል። ቦይ ጠራጊው ከተቀነሰ፣ በዚህ ሕግ ገንዘብ የታደሰው መንገድ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ዕለት ጠርዙ ይሸረሸራል።