ለእግዚአብሔር ለመታዘዝ ነጻነትን የለመኑ አማኞች

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1688 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ ጀርመንታውን የሚኖሩ አራት ሰዎች፣ ሰዎች ሊያደርጉልን የምንወደውን እኛም እንድናደርግላቸው ያዘዘውን የጌታን ቃል ይዘው ሰውን መግዛትና መሸጥ ኃጢአት መሆኑን ኩዌከር ለተባለው የክርስቲያኖች ማኅበር ጉባኤያቸው ጽፈዋል። ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚነካው በቀንበሩ ሥር የነበሩት አማኞች ራሳቸው ያቀረቡት ክርክር ነው።

በግንቦት 1774 በማሳቹሴትስ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ለገዥው ለቶማስ ጌጅና ለምክር ቤቱ አቤቱታ አቀረቡ። ስለ ድካማቸውና ልጆቻቸው በግድ ስለ መነጠቃቸው ከተናገሩ በኋላ፣ ጌቶቻቸው ሊመልሱት የማይችሉትን ጥያቄ ጠየቁ፤ ባል የጌታውን ሥራ ትቶ ከሚስቱ ጋር እንዴት ይጣበቃል? ሚስት ለባልዋ፣ ልጅም ለወላጆቹ በሁሉ እንዴት ይታዘዛል? አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ታዝዞ ሳለ፣ በከባድ ሰንሰለት የሚያጎብጠን ጌታ ሸክማችንን ተሸከመ ሊባል እንዴት ይችላል? እንግዲህ ባርነት ጉልበታቸውን ብቻ ሳይሆን ለፈጣሪያቸው የሚገባውን መታዘዝ ጭምር ቀምቷቸው ነበር፤ ይህንንም በግልጽ ጽፈውታል። የለመኑትን ነጻነት በዚያን ጊዜ አላገኙም።

በባርነት የተያዘው ናት ተርነር የመራው ዓመፅ በ1831 ቨርጂኒያን ካናወጠ በኋላ ግዛቲቱ ጥቁሮች እንዳይሰብኩ በሕግ ከለከለች። የሕፃናት ደም የፈሰሰበትን ያን ዓመፅ ላወድሰው አልችልም፤ ሆኖም ወንጌልን የሚሰብከውን አፍ የዘጋው ሕግም ከእግዚአብሔር አልነበረም። በደቡቡ ግዛቶች ብዙዎች ሌሊት በጫካ ተሰውረው ይጸልዩ፣ ስለ እስራኤል ከግብፅ መውጣትም ይዘምሩ ነበር።

በዘዳግም 23፥15 ከጌታው ኰብልሎ የመጣውን ባሪያ አሳልፎ መስጠት ተከልክሏል፤ በ1850 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን ሸሽተው ያመለጡትን መልሶ ማስረከብን ግዴታ አደረገ። በባርነት የተወለደችው ሐሪየት ተብማን አንድ ዓመት ቀደም ብላ ከሜሪላንድ አምልጣ ነበር። ሆኖም በጸሎት እየተመራች ወደ 13 ጊዜ ያህል ተመልሳ፣ ወላጆቿን ጨምሮ 70 የሚያህሉ ሰዎችን አወጣች። በአዲሱ ሕግ ምክንያት የሰሜኑ ግዛቶችም መጠጊያ መሆናቸው ስለ ቀረ፣ ጉዞዋን እስከ ካናዳ አራዘመችው፤ ሕዝቧም ሙሴ ብሎ ይጠራት ነበር።