ገና ባላለቀ ታሪክ ላይ የሚሰጥ ፍርድ፦ ስለ ፋይናል ፋንታሲ 14 ድርሰትና ገጸ ባሕርያት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፋይናል ፋንታሲ 14 የጃፓኑ ስኩዌር ኢኒክስ ኩባንያ የሚያዘጋጀው የኦንላይን ጌም ሲሆን፣ ታሪኩ ዛሬ ባለው መልኩ ከ2013 ጀምሮ ሳይቋረጥ እየተጻፈ ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለት ዓመት ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ አንድ ትልቅ ማስፋፊያ ይወጣል፤ በመካከሉም ታሪኩን የሚያስቀጥሉ፣ ፓች የሚባሉ አነስተኛ ማሻሻያዎች በየጥቂት ወሩ ይለቀቃሉ። ዶውንትሬይል የተባለው አምስተኛው ማስፋፊያ በ2024 አጋማሽ ላይ ከወጣ በኋላ ግን በተጫዋቾች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን ድርሰቱ ወድቋል፣ ዉክ ላማት የተባለችው ገጸ ባሕርይም ታሰለቻለች ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ይህን የሚሉትን ሁሉ በጥላቻ ይከሳል። ይህን ጌም ከልብ እወደዋለሁ፤ ስለዚህም ክርክሩ በተሳሳቱ መነሻዎች ላይ ሲቆም ማየት ያሳዝነኛል። ታሪኩን ገና ያልጨረሰ አንባቢ ከዚህ በታች የበርካታ ገጸ ባሕርያት ፍጻሜ እንደተነገረ አስቀድሞ ይወቅ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የኦንላይን ጌም ታሪክ ለውጊያው ሰበብ እንጂ እንደ ድርሰት የሚመዘን ነገር አይደለም።

ስለ ሌሎች ጌሞች እንዲህ ማለት ይቻል ይሆናል። በዚህኛው ግን ዋናውን ታሪክ ከመነሻው በቅደም ተከተል ያልጨረሰ ተጫዋች ወደ አዲሱ ማስፋፊያ አገሮች መግባት አይችልም፤ አብዛኞቹ ዋሻዎችና ትልልቅ ጦርነቶችም የሚከፈቱት በታሪኩ በኩል ነው። ታሪኩን መዝለል የሚፈልግ ሰው ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀ ዕቃ ለብቻው ገንዘብ ከፍሎ መግዛት አለበት። ተጫዋቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዓታት እንዲያነብና እንዲያዳምጥ የሚያስገድድ ሥራ እንደ ድርሰት መመዘኑ ተገቢ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ አጀማመሩ አሰልቺ የሆነው ጸሐፊዎቹ ችሎታ ስላልነበራቸው ነው።

አጀማመሩ በእርግጥ አሰልቺ ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ቲታን የተባለውን የምድር ግዙፍ ከመግጠሙ በፊት ተጫዋቹ ለቀድሞ ጀግኖች ግብዣ የሚሆን የወይን ጠጅና አይብ ፍለጋ ከመንደር መንደር የሚንከራተትበት ክፍል አለ፤ አደጋው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ እንዲህ ባለ መላላክ ታሪኩ ሙቀቱን ያጣል። ሆኖም መንስኤውን ለማወቅ ጌሙ የተወለደበትን ሁኔታ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው ፋይናል ፋንታሲ 14 በመስከረም 2010 ወጥቶ ክፉኛ ወደቀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ናኦኪ ዮሺዳ ኃላፊነቱን ተረከቡ። የእሳቸው ቡድን አሮጌውን ጌም በአንድ እጁ እየጠገነ በሌላው አዲሱን ከመሠረቱ መሥራት ነበረበት። በኅዳር 2012 የአሮጌው ጌም ሰርቨሮች ሲዘጉ ዳላሙድ የተባለችው ጨረቃ ወድቃ፣ በውስጧ ታስሮ የኖረው ባሃሙት ወጥቶ ዓለሙን ሲያቃጥል ታየ፤ የንግድ ውድቀቱ ራሱ የታሪኩ አካል ሆነ ማለት ነው። አዲሱ ጌም፣ አ ሬልም ሪቦርን፣ የወጣው በነሐሴ 2013 ነው። ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ሙሉ ዓለም እንደገና ሲሠራ የታሪኩን ርዝመት በተራ መላላክ መሙላት ጊዜ ያጠረው ቡድን የሚወስደው መፍትሔ ነው። አዘጋጆቹም ጉድለቱን አይተውት በነሐሴ 2020 በወጣው 5.3 ፓች ከዚያ ክፍል ብዙ መላላኮችን ቆርጠው አስወግደዋል። እንዲያም ሆኖ ክፍሉ ዛሬም ረጅም ነው፤ «ታገሥ፣ በኋላ ያምራል» የሚለውን የነባር ተጫዋቾች ምክርም እኔ እንደ በቂ መልስ አላየውም፤ ምክንያቱም ጀማሪው ጊዜውን የሚሰጠው ዛሬ ከፊቱ ላለው ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ታላላቆቹ ክፍሎች ያማሩት ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ስለታቀደ ነው።

ይህን የሚሉት አድናቂዎች ናቸው፤ ጌሙን ለማመስገን ቢሉትም የጸሐፊዎቹን እውነተኛ ሙያ ይሸፍነዋል። ግራሃ ቲያን እንውሰድ። ከ2013 እስከ 2015 በተከታታይ ፓቾች በወጣው፣ ክሪስታል ታወር ስለተባለው ጥንታዊ ግንብ በሚናገረው ታሪክ ውስጥ ያለ፣ ጥንታዊ ዕውቀትን የሚወድ ወጣት ምሁር ነበር። በመጨረሻው ግንቡ ለክፉ ሥራ እንዳይውል ሲል ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን በራሱ ላይ ዘጋ፤ የሚመጣው ትውልድ እስኪቀሰቅሰው ድረስም ተኛ። ያ ታሪክ በወቅቱ የፈለገ የሚሠራው፣ ያልፈለገ የሚተወው የጎን ክፍል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሐምሌ 2019 ሻዶውብሪንገርስ የተባለው ማስፋፊያ ሲወጣ ፊቱን በመጎናጸፊያ የሸፈነ አንድ መሪ ጀግናውን፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚመራውን ገጸ ባሕርይ፣ ወደ ሌላ ዓለም ጠራው። ያ ሰው ግራሃ ነበር፤ ጀግናው ከሞተበት የወደፊት ዘመን ነቅቶ፣ የሆነውን ሁሉ ለመቀየር ሲል ግንቡን ይዞ ጊዜንና ዓለምን የተሻገረ ሰው።

ይህ ድንቅ የሆነው ከመጀመሪያው ስለተቀመረ አይመስለኝም። ዋና ታሪክ ይሆናል ተብሎ ቢታቀድ ኖሮ ማንም ሊዘለው በሚችል ቦታ ባልተቀመጠ ነበር፤ አዘጋጆቹ የክሪስታል ታወርን ክፍል ግዴታ ያደረጉት በ2020 ነው፣ ዋጋው ከታወቀ በኋላ። አርድበርትም እንዲሁ ነው፤ ሄቨንስዋርድ በተባለው የመጀመሪያ ማስፋፊያ ፓቾች ላይ ተቃዋሚ ሆኖ መጥቶ የተሸኘ ተዋጊ በ2019 የጀግናው የብቻ ጓደኛ፣ የሐዘኑም ተካፋይ ሆኖ ተመለሰ። በሻዶውብሪንገርስ የዋናው ታሪክ ጸሐፊ የነበሩት ናትሱኮ ኢሺካዋ ቀደም ሲል ዳርክ ናይት ለተባለው የተዋጊ ሙያ የተዘጋጀውን የጎን ታሪክ ጽፈው ነበር፤ በዚያም ቃል የማይወጣው ጀግና የታመቀ ድካሙና ቁጣው አካል አግኝቶ ሲናገር ይሰማል። ለረጅም ተከታታይ ድርሰት የሚያስፈልገው ሙያ ይህ ነው፤ ቀድሞ የተጣለን ክር አስታውሶ ማንሣትና ክሩ ከመጀመሪያው ለዚያ የተፈተለ እስኪመስል ድረስ መሸመን።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዉክ ላማት የዋህና ልምድ የሌላት ስለሆነች በደንብ ያልተጻፈች ገጸ ባሕርይ ናት።

የክርክሩ እምብርት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላየው እወዳለሁ። ዉክ ላማት ከባሕር ማዶ ያለችው የቱራል ገዥ የጉሉል ጃ ጃ የማደጎ ልጅ ናት። አባትየው ዙፋኑን ከማስተላለፉ በፊት ተወዳዳሪዎቹ በየሕዝቡ መካከል እየዞሩ ፈተና እንዲያልፉ ያዛል፤ ተጫዋቹም የእርሷ አጋዥ ሆኖ ይሄዳል። መርከብ ላይ ያጥወለውላታል፤ ይህንንም ሰው እንዳያውቅባት ትታገላለች። በጉዞው መካከል በተፎካካሪዋ በባኩል ጃ ጃ ሰዎች እስከመጠለፍ ትደርሳለች። እነዚህ ድክመቶች ለገጸ ባሕርይ መነሻ ናቸው፤ ብዙ ተጫዋች የሚወደው አልፊኖም ከዚህ የተሻለ አልጀመረም።

አልፊኖ በ2013 ሲተዋወቀን አዋቂ ነኝ ባይ፣ ሰውን ሁሉ ከላይ የሚያዝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ያቋቋመው የጦር ቡድን ውስጡ በገንዘብ ተገዝቶ ሲከዳው፣ ጓደኞቹ ተበትነው ወደ በረዶው አገር ሲሰደድ፣ ኦርሸፋን የተባለው ባላባት በሩን ከፍቶ ትኩስ መጠጥ አቀረበለት፤ ልጁም እጆቹን እያየ ምን እንደቀረው ራሱን ጠየቀ። በሄቨንስዋርድ ጉዞ ላይ ደግሞ ኤስቲኒየን የተባለው ዘንዶ አዳኝ እንጨት መልቀም የማያውቀውን ይህን የጌታ ልጅ በዱር ማደር አስተማረው። ለውጡ ታማኝ የሆነልን ዋጋ ስለከፈለ ነው፤ ደግሞም ዋጋውን ሲከፍል ሌሎች ሰዎች ከእርሱ ጋር ቦታ ነበራቸው። ኤስቲኒየን የራሱ በቀል፣ አብራቸው የተጓዘችው ኢሳይል የራሷ እምነት፣ ኦርሸፋንም የራሱ ሞት ነበረው።

በእኔ ፍርድ የዶውንትሬይል ጉድለት እዚህ ላይ ይገኛል። ዉክ ላማት ዋጋ ትከፍላለች፤ አባቷ በወንድሟ በዞራል ጃ ይገደላል፣ ከተማዋም ይወረራል። ዙፋኑን ለብቻዋ ከመያዝ ይልቅ ሌላውን ወንድሟን ኮአናን አብሮ እንዲገዛ መጋበዟም ብስለቷን በተግባር የሚያሳይ ጥሩ ውሳኔ ነው። ችግሩ በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ቦታ ማጣታቸው ነው። የጉዞ አጋሯ ክሪል ወደ ቱራል የሄደችው አያቷ የጀመረውን ፍለጋ ለመከተል ነው፤ ጉዳይዋ ግን ለአብዛኛው መንገድ ተትቶ ይከርምና በመጨረሻው አገር፣ የሙታን ትዝታ በሕይወት እንዳለ በሚኖርበት ሊቪንግ ሜሞሪ፣ ከወላጆቿ ጋር በአጭር ትዕይንት ተገናኝታ ወዲያው ትሰናበታለች። በዚያው አገር ሌላው የጉዞ አጋር ኤረንቪል ከእናቱ ጋር የሚለያይበት ክፍል ጥሩ ነው፤ የተጻፈው ጊዜ ተሰጥቶት ነውና። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ የዚያ አገር ንግሥት ከሆነችው ከስፊን ጋር የመጨረሻውን ውጊያ ሲገጥም ዉክ ላማት መሐል ላይ ጥሳ ትገባለች፣ ንግሥቲቱንም በልመና ታነጋግራለች። ትዕይንቱ ለእርሷ ትርጉም አለው፤ ተጫዋቹ ግን ረጅም ጉዞ ተጉዞ የደረሰበትን ሰዓት ከእጁ ይወስድበታል። የብዙ ሰው ቅሬታ «ዉክ ላማትን አልወድም» በሚል ቃል ይወጣ እንጂ፣ ውስጡ ሲፈተሽ የቦታ አሰጣጥ ቅሬታ ነው። ያንን የወሰኑት ጸሐፊዎቹ ናቸው፤ ገጸ ባሕርይዋን በሌላ ብንተካት እንኳን ጉድለቱ በነበረበት ይቆያል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ጀግናው አጃቢ ከሆነ ታሪኩ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ጀግናው በዶውንትሬይል መካሪ መሆኑ ምክንያት አለው። ከ2013 የተጀመረው የሃይዴሊንና የዞዲያርክ፣ የሁለቱ ተቃራኒ ታላላቅ ኃይሎች፣ ታሪክ በታኅሣሥ 2021 በወጣው ኤንድዎከር በተባለው ማስፋፊያ ተዘግቷል፤ ዓለምን ሁሉ ከጥፋት ያዳነ ሰው ከዚያ ቀጥሎ ወጣት ቢያሠለጥን የሚያስነውር አይደለም። ሆኖም መካሪ ሊመክር ይገባዋል። በብዙ ትዕይንት ጀግናው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል፤ የሚመርጣቸው መልሶችም የነገሩን አካሄድ አይለውጡም። በቀደሙት ክፍሎች ዝምታው አይጎላም ነበር፣ ነገሩ ሁሉ በእርሱ ላይ ይደርስ ነበርና። ሐሳቡ ትክክል ሆኖ አፈጻጸሙ የጎደለ ይመስለኛል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዶውንትሬይልን የሚነቅፍ ሁሉ ጥላቻ ያለው ሰው ነው።

ጥላቻ እንደነበረ አይካድም። የዉክ ላማትን ድምፅ በእንግሊዝኛ የተጫወተችው ተዋናይት ከትወናዋ አልፎ በማንነቷ ላይ ያነጣጠረ ስድብ ደርሶባታል፤ ይህ ነውር ነው፣ ከትችትም የሚቆጠር አይደለም። ነገር ግን በዚያ ነውር ምክንያት ስለ ክሪል የሚጠይቅን ሰው ዝም ማሰኘት በደልን በበደል መመለስ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ከባድ አይደለም፤ ትችት ትዕይንቱን ይጠቅሳል፣ ምን እንደጎደለውም ይናገራል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የተጫዋች ብዛትና ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የሚሰጥ አስተያየት የድርሰቱን ጥራት ያሳያሉ።

ኤንድዎከር ሲወጣ ሰርቨሮቹ ከመጨናነቃቸው የተነሣ ስኩዌር ኢኒክስ የጌሙን ሽያጭ ለጊዜው እስከማቆም ደርሷል። ያ ሕዝብ በር ላይ የተሰለፈው ግን ታሪኩን ከማንበቡ በፊት ነው። ዶውንትሬይል በስቲም ላይ የተደበላለቀ አስተያየት ሲያገኝም ውጊያዎቹ በሰፊው ይመሰገኑ ነበር፤ አንዲት አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስትቀሰር የትኛውን እንደምትመዝን አትናገርም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በኋላ የሚመጣ ክፍል ያለፈውን ጉድለት ይሰርዛል፤ ስለዚህ አሁን መፍረድ አይገባም።

በ2017 ስቶርምብለድ የተባለው ማስፋፊያ ሲወጣ ዋናው ጠላት ዜኖስ ባዶ ተብሎ ተነቅፎ ነበር። ጦርነትን ከመውደዱ በቀር ምክንያት አልነበረውም፤ በመጨረሻም ተሸንፎ በገዛ ሰይፉ አንገቱን ቆርጦ ሞተ። ጸሐፊዎቹ መልሰው አስነሡት፤ በ2021 በኤንድዎከር ማብቂያ፣ ከከዋክብት ሁሉ ጥግ ላይ፣ እርሱና ጀግናው ምንም ኃይል ሳይቀራቸው በባዶ እጅ እስኪደባደቡ ድረስ ወሰዱት። በዚያ ትዕይንት የዜኖስ ባዶነት ራሱ ጥያቄ ይሆናል፤ ጀግናውም ውጊያን ይወድ እንደሆነ ይጠየቃል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ቢሆንም የስቶርምብለድ ትዕይንቶች በዚህ ምክንያት አልተለወጡም፤ ዛሬ እዚያ የሚደርስ ጀማሪ የሚያገኘው የ2017ቱን ዜኖስ ነው። በዚያን ጊዜ «ይህ ሰው ባዶ ነው» ያለው ተጫዋች ፊቱ የነበረውን በትክክል አይቷል፤ በ2021 «ይህ ፍጻሜ ይገባዋል» ያለውም እንዲሁ። ስለ ዉክ ላማት የሚከራከር ሰውም የትኛውን ማስፋፊያ፣ የትኛውን ፓች፣ የትኛውን ትዕይንት እንደሚመዝን ከገለጸ፣ ከሌላው ጋር ባይስማማ እንኳን ስለ አንድ ነገር ይነጋገራሉ።