ጂ-ኳድሩፕሌክስ ምንድን ነው? አራት ዲኤንኤ ግን አይደለም

«ሰው ውስጥ ባለ አራት ሰንሰለት ዲኤንኤ ተገኘ፤ የደብል ሄሊክስ ነገር አበቃለት።» ይህን የሚል ሰው በየጊዜው አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ጨመረበት፦ «ሁለት ሆኖ እንዲህ ከጠነከረ፣ አራት ሲሆንማ ብረት ነው!» ልለፈው ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም።

ሁለት ሰንሰለት ተጠማዞ በሚሠራው ደብል ሄሊክስ ውስጥ የዲኤንኤ ፊደሎች ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ይጣመራሉ የሚለውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። ጂ፣ ማለትም ጓኒን፣ ሌላም ጠባይ አላት። አራት ጓኒኖች በ8 የሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘው ጠፍጣፋ ካሬ ይሠራሉ። ካሬዎቹ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ሲነባበሩ ያ ነው ጂ-ኳድሩፕሌክስ። «አዲስ ግኝት» የሚባለው ካሬ በ1962 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጌለርት፣ ሊፕሴትና ዴቪስ በኤክስሬይ ተመርኩዘው ያቀረቡት ነው። በ2013 ወሬው የደመቀው የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በፀረ እንግዳ አካል ምልክት አድርገው ሰው ሴል ውስጥ ስላሳዩት ነው። (ያ ፀረ እንግዳ አካል ራሱ ቅርጹን ሊያጸናው ይችላል የሚል ጥርጣሬ እኛ ሰፈር ገና አልሞተም።)

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «አራት ሰንሰለት» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አራት የተለያዩ ዲኤንኤዎች ሲጠማዘዙ ነው። ጋቢ አስቡ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ታዲያ ጋቢ የለበሰ ሰው አራት ልብስ ደረበ ይባላል? ያው ሸማ ታጥፎ ነው እንጂ። የሰው ቴሎሜርም፣ ማለትም የክሮሞዞማችን ጫፍ፣ እንደዚያው ነው። እዚያ ቲቲኤጂጂጂ የሚሉት ስድስት ፊደሎች እየተደጋገሙ ይሄዳሉ። አንዱ ሰንሰለት ብቻውን ሦስት ጊዜ ይታጠፍና አራት ጎን ይኖረዋል። ጂጂጂዎቹ ይገጥማሉ፤ ቲቲኤዎቹ እጥፋቱ ላይ ይቀራሉ። ለዚህ ሁሉ 22 ፊደል ይበቃል።

ጋቢ ሲታጠፍ ሸማው አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ይመለሳል። የዲኤንኤውም ጎኖች እንደዚያ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደው አንዱ ሊገለበጥም ይችላል። እጥፋቱ በጎን ዞሮ ከመጣ ደግሞ አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ይህንን ጋቢ አያደርገውም፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይቀደዳል።

አራት የተለያዩ ሰንሰለቶች የሚገናኙበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ቲጂጂጂጂቲ የሚባል አጭር ሰንሰለት በሙከራ ቱቦ ውስጥ አራት ሆኖ ይገጥማል። ግን አራቱ እስኪገናኙ ድረስ በጣም ይዘገያል። ሴል ውስጥ ስላለው ስናወራ በአብዛኛው የምናስበው የታጠፈውን አንዱን ሰንሰለት ነው።

«ብረት ነው» የሚለው ይባስ። እያንዳንዱ ጓኒን አንድ ኦክስጅን ወደ ካሬው መሃል ያዞራል። አራት ኦክስጅኖች ፊት ለፊት ተፋጠው ይገፋፋሉ። የሚያስታርቃቸው መሃል ላይ የሚቀመጥ ፖዘቲቭ አዮን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አቶም፣ ነው። ፖታሲየም ሁለት ካሬዎች መካከል ገብቶ ስምንት ኦክስጅን ይይዛል። ሶዲየምም ይሠራል፣ ግን ይደክማል። ሊቲየም እዚህ ግባ የሚባል እርዳታ የለውም። ሰበቡን ብዙ ጊዜ «ፖታሲየም ልኩ ስለሆነ» ሲሉ እሰማለሁ። ልክ ብቻ አይደለም፤ አዮኑ ለመግባት መጀመሪያ የከበበውን ውሃ ማራገፍ አለበት፣ ይህ ደግሞ ከፖታሲየም ይልቅ ለሶዲየም ይከብዳል። ያችው የ22 ፊደል ሰንሰለት በፖታሲየም 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስትፈታ፣ በሶዲየም ከ60 በታች ትፈታለች። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ኳድሩፕሌክስ ጽኑ ነው» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ጨውህ ምንድን ነው ብዬ ነው።

ጨው ቅርጹንም ይለውጣል። የዚህችው የቴሎሜር ቁራጭ ቅርጽ በ1993 በሶዲየም ሲታይ ጎኖቹ ወዲህና ወዲያ ነበሩ። በ2002 ፖታሲየም ባለበት ክሪስታል ውስጥ አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኑ። ብዙ ሳይቆይ ፖታሲየም በሟሟበት ውሃ ውስጥ ሲታይ ደግሞ ሦስት ለአንድ ሆነ። ክሪስታል ያለውን ሁሉ ሴል ይላል ማለት አይደለም፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግር የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ጽናት ደግሞ ብቻውን አይለካም። ከማን ጋር ሲነጻጸር? ሴል ውስጥ ጂ የበዛበት ሰንሰለት አጠገቡ ሲ የበዛበት ጓደኛ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ደብል ሄሊክሱ ያሸንፋል። ኳድሩፕሌክስ ዕድል የሚያገኘው ሁለቱ ሲላቀቁ ነው፤ ዲኤንኤው ሲባዛ ወይም ሲነበብ። የቴሎሜር ጫፍ ላይ ግን ጓደኛ የሌለው ነጠላ ሰንሰለት ተርፎ ይወጣል፤ ስለዚህ እዚያ ይቀላል። እዚያም ቢሆን ፖት1 የሚባል ፕሮቲን ሰንሰለቱን ዘርግቶ ይይዘዋል። ፒፍ1ና ብሉም የመሳሰሉ ፈታች ፕሮቲኖች ደግሞ የታጠፈውን ይፈቱታል። በ2015 የተነጠለ የሰው ዲኤንኤ ሲመረመር ከ700,000 በላይ ሊታጠፉ የሚችሉ ቦታዎች ተገኙ። በዓመቱ ክሮማቲን ውስጥ፣ ማለትም ዲኤንኤው ሴል ውስጥ በፕሮቲን ላይ ተጠቅልሎ እንዳለ፣ ሲፈለግ ግን 10,000 ገደማ ብቻ ሆኑ። ሊታጠፍ መቻልና መታጠፍ ለየቅል ናቸው።

አስተያየት ሰጪው ልክ ቢሆን ኖሮ ኬሚስቶች ኳድሩፕሌክስን የሚያጸኑ ሞለኪዩሎች ፍለጋ ይህን ያህል ዓመት ባልደከሙ ነበር። ሲኤክስ-5461 የሚባለው አንዱ ካንሰር በሽተኞች ላይ እስከመሞከር ደርሷል። ሐሳቡ ፈታቾቹ እንዳይፈቱት ቅርጹን ማሰር ነው። እሱም ቢሆን ዲኤንኤን እየቆረጠ መልሶ የሚቀጥለውን ቶፖአይሶሜሬዝ 2 የሚባል ኢንዛይም እንደሚያጠምድ ታይቷል። ስለዚህ ካንሰሩን የሚጎዳው ኳድሩፕሌክሱን በማሰሩ ብቻ ነው ብሎ መፈረም ይከብዳል።