የአቧራ ዲስክ ላይ ያለው ክፍተት ምንድን ነው?

ያቺን ብርቱካናማ፣ ቀለበት በቀለበት የሆነች ምስል አይታችኋታል፣ ኤችኤል ታው ነች፣ 450 የብርሃን ዓመት ገደማ የምትርቅ ለጋ ኮከብ፣ ቺሊ አታካማ በረሃ ያሉት የአልማ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ አንቴናዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያነሷት። ቀለበቶቹ ኮከቧን ከቦ የሚዞር ዝርግ የጋዝና የአቧራ ክምችት ናቸው፣ ዲስክ የሚባለው እሱ ነው። ምስሏን እወዳታለሁ፣ የሚያናድደኝ ስሯ የሚጻፈው ነገር ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ጥቁሮቹ መስመሮች ፕላኔቶች ናቸው፣ ቁጠሯቸው» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ወንድሜ፣ ጥቁሩ ፕላኔት አይደለም። እዚያ ጋ አቧራው ሳስቷል ማለት ነው፣ ምስሉ በራሱ የሚነግርህ ይቺን ብቻ ነው። (ብርቱካናማውም ቀለም በኋላ የተቀባ ነው፣ የመጣው አንድ ሚሊሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው ሬዲዮ ነው፣ አይን አያየውም።)

መንዝም ሆነ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያደገ ሰው አውድማ ያውቃል። ገብስ ሲበራይ በሬዎቹ የሚዞሩበት መስመር ላይ ገለባው ይሸሽና ዳር ዳሩን ይከመራል፣ ፕላኔትም ዲስክ ውስጥ እንደዛ መንገዱን ይጠርጋል፣ እስከዚህ ልክ ነው። ግን አውድማ ላይ ነፋስም አለ! በመንሽ ስታነሳው ገለባው ነፋሱ በረድ ያለበት ጋ ሄዶ ይከማቻል፣ የበረታበት ጋ መሬቱ ባዶ ይቀራል፣ በሬ ሳይረግጠው። እና ማታ መጥቶ ባዶውን መሬት ብቻ ያየ ሰው «እዚህ በሬ ነበር» ብሎ መማል ይችላል?

ዲስኩ ውስጥ ነፋሱ ጋዙ ነው። ጋዙ የራሱ ግፊት ስለሚደግፈው ከአቧራው ትንሽ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ሚሊሜትር የምታህል ቅንጣት ሁሌም ነፋስ ከፊቷ ይገፋታል፣ ፍጥነት ታጣለች፣ ወደ ኮከቡ ትንሸራተታለች። መንገዷ ላይ የጋዙ ግፊት ከፍ ያለበት ቀለበት ካገኘች ግን እዚያው ትያዛለች፣ ብሩሁ ቀለበት እሱ ነው። ያንን ግፊት ማን ፈጠረው ነው ጥያቄው። ፕላኔት ሊሆን ይችላል፣ ማግኔቲክ ፊልድም ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱን ሳይነካም ካርቦን ሞኖክሳይድ ወይ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ርቀት ላይ የቅንጣቶቹ መጣበቅና መሰባበር ስለሚለወጥ ብቻ ቀለበት ሊታይ ይችላል። ሦስቱም እዚያው አንድ ዲስክ ላይ ቢገኙ አይገርመኝም።

ደግሞ «ክፍተት» ሲባል ባዶ አይምሰላችሁ። አቧራው ከዲስኩ ክብደት 1 በመቶ ገደማ ነው የሚባለው፣ ሌላው ጋዝ ነው፣ እና ጋዙ ጥቁሩ መስመር ውስጥም ሊኖር ይችላል። ቡጢ የሚያክል ድንጋይ ቢሞላውም አልማ አይለየውም፣ በደንብ የሚያየው የሚሊሜትሩን ነው። (1 በመቶዋንም በጥንቃቄ ያዟት፣ በከዋክብት መሃል ካለው ጠፈር የተወሰደች ቁጥር ነች። ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን ራሱ ብርሃን ስለማይሰጠን የዲስክ ጋዝ የምንመዝነው በካርቦን ሞኖክሳይድ በኩል ዞረን ነው፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው።)

ታዲያ ፕላኔት መኖሩ በምን ይታወቃል? አንደኛው ራሱን ማየት ነው። ፒዲኤስ 70 የሚባለው ኮከብ ዲስክ ውስጥ ባለው ሰፊ ክፍተት አንድ ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ2018 ታየ፣ ሁለተኛው በ2019፣ ሁለቱም ላይ ጋዝ እየወደቀባቸው የጋለ ሃይድሮጅን ብርሃን ይሰጣሉ። ይሄ ማስረጃ ነው። ሌላው የጋዙን ፍጥነት መለካት ነው፣ ፕላኔት ካለ አጠገቡ ያለው ጋዝ ከሚጠበቀው ዙር ትንሽ ዝንፍ ይላል፣ ያ ዝንፈት አቧራ ላይ ካለ ጥቁር መስመር ይልቅ ብዙ ይናገራል። ኤችኤል ታው ላይ በቀጥታ የታየ ፕላኔት የለም። እኔም አለ ባይ ነኝ፣ ከክፍተቶቹ ቢያንስ አንዱን ፕላኔት የከፈተው ይመስለኛል፣ ግን ይመስለኛል እና ታየ ለየቅል ናቸው።