ጊትሃብ ምንድን ነው?

በድሬዳዋ ኮድ መጻፍ የጀመሩ ብዙ ወጣቶች ጊትን እና ጊትሃብን እንደ አንድ ነገር ሲጠሯቸው እሰማለሁ። ጊት በኮድ ላይ የተደረገን እያንዳንዱን ለውጥ፣ ማን መቼ እንዳደረገው ጭምር፣ መዝግቦ የሚያቆይ ነጻ ፕሮግራም ነው። የሊነክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውም፣ የሊነክስ ፕሮግራመሮች ለዚሁ ሥራ ይገለገሉበት የነበረው የቢትኪፐር ፕሮግራም ባለቤት በነጻ የመጠቀም ፈቃዳቸውን ስላነሣባቸው ነው። ጊትሃብ ግን በ2008 ቶም ፕሬስተን ወርነር፣ ክሪስ ዋንስትራዝ፣ ፒጄ ሃየት እና ስኮት ቻኮን በሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋሙት ኩባንያ ሲሆን፣ በጊት የተያዘን ሥራ በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጣል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ማሻሻያ የሚያቀርቡበትንና ባለቤቱ መርምሮ የሚቀበልበትን «ፑል ሪኩዌስት» የተባለ አሠራርም በስፋት ያስለመደው እርሱ ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተቀምጦ ለቀፊራ ገበያ ነጋዴ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት እናስብ። ኢንተርኔት ቢቋረጥበትም፣ ሙሉው የለውጥ ታሪክ በራሱ ላፕቶፕ ውስጥ ስላለ፣ ባትሪው እስካላለቀ ድረስ «ጊት ኮሚት» እያለ ሥራውን መመዝገቡን ይቀጥላል። ኔትወርክ ሲመለስ «ጊት ፑሽ» ብሎ ወደ ጊትሃብ ይልከዋል፤ ሐረር ያለው ባልደረባውም «ጊት ፑል» ብሎ ይወስደዋል። ሁለቱ አንድን መስመር በየፊናቸው ለውጠውት ከተገኘ ጊት የአንዱን ሥራ በዝምታ አይደመስስም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳይቶ ውሳኔውን ለእነርሱ ይተወዋል። በፍላሽ ፋይል ሲለዋወጡ የኋለኛው የፊተኛውን የሚያጠፋበትን ሁኔታ ያየ ሰው የዚህ ዋጋ ይገባዋል።

ጊትሃብ ለሁሉም ክፍት የሆነን ኮድ ከመጀመሪያው በነጻ ያስቀምጥ ነበር፤ ክፍያ የሚጠይቀው ለግል ሪፖዚተሪ፣ ማለትም ባለቤቱና እርሱ የፈቀደላቸው ብቻ ለሚያዩት የኮድ ማከማቻ ነበር። ክፍያው በዶላር፣ ያውም በዓለም አቀፍ ካርድ ስለነበረ፣ የደንበኛውን ኮድ ለሕዝብ መግለጥ ለማይፈልግ የእኛ አገር ጀማሪ በሩ የተዘጋ ያህል ነበር። ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን ገዛው። በ2019 የግል ሪፖዚተሪ እስከ ሦስት ተባባሪዎች ድረስ ነጻ ሆነ፤ በ2020 ደግሞ የተባባሪዎች ገደብ ተነሣ። ለእኔ ከግዢው ይልቅ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ጀማሪዎች አጥብቀው እንዲይዙት የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል በስህተት ኮሚት አድርገው ከላኩ በኋላ በሚቀጥለው ኮሚት ቢያጠፉት፣ ከፋይሉ ይጠፋል እንጂ ከታሪኩ አይጠፋም፤ ስለዚህ አስቀድመው የይለፍ ቃሉን ራሱን ይቀይሩ።