«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ለምን ተባለ?

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የሰፈራችን ልጅ ተመርቃ አጋሮ ሥራ ማግኘቷ ተነሣ። አንድ አባት ወዲያው «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት!» አሉ። ወሬው እዚያው ተዘጋ። በጣም ከነከነኝ።

አባባሉ የተወለደው ችሎት ዛፍ ሥር ይዋል በነበረበት ዘመን ይመስለኛል። ባላጋራዎች ዋስ ጠርተው፣ «በላ ልበልሃ» ተባብለው ዋርካ ጥላ ሥር ሲሟገቱ ይውላሉ። ዳኛው፣ ሽማግሌው፣ ምስክሩ ሁሉ ይርበዋል። ያን ሁሉ ሰው ማን ያበላል? ማጀት ነዋ! ስለዚህ የችሎት ቀን የሥራ ክፍፍል ነበር ባይ ነኝ። እሱ ይሟገት፣ እሷ ታሰናዳ፤ ሲመሽ ሁለቱም ደክሟቸው ይገናኛሉ።

ማጀት ደግሞ የዋዛ ቦታ አልነበረም። አያቴ ከጅማ ወጣ ብላ ነበር የምትኖረው። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ወፍጮው ሥር ትንበረከካለች። መጁን በሁለት እጇ ይዛ ስትገፋው ትከሻዋ አብሮ ይሄዳል፤ ዱቄቱ ከድንጋዩ ጫፍ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቅቤው ቅል ውስጥ፣ የተለቀመው ቡና ጆንያ ውስጥ ነው፤ ልኩን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሐሙስ ሲደርስ ተጭኖ ሂርማታ ገበያ ይወርዳል። የእኛ የደብተር መግዣም ከዚያው ይወጣ ነበር። አያቴ ሥራ አልነበራትም የሚለኝ ካለ እጣላዋለሁ።

ዛሬ ወፍጮው በሞተር ነው። ችሎቱም ቢሮ ገብቷል፤ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዱ ተጋቢ የሌላውን ሥራ ለቤታችን አይበጅም ብሎ መቃወም ይችል ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶታል።

ሕጉ የተወውን ሰፈሩ አልተወውም። ሴት ከሥራ አምሽታ ስትገባ «የት ቆይታ ነው?» ይባላል። ለቅሶ ቤት እንጀራ ልትጋግር ካልመጣች ስሟ ይነሣል፤ ባሏ ግን ድንኳን ውስጥ ከተቀመጠ ይበቃዋል። ልጅ የሚይዝላት የለም። ቡና ሲደርስስ? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩን ስትለቅም፣ ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ስታገላብጥ ትውላለች። ያኔ ማጀት የሚባል ነገር ማንም አያነሣባትም! ቡናው ተመዝኖ ብሩ ሲቆጠር ግን ብዙ ቤት ተቀባዩ ባል ነው።

እና አባቶቼ፣ እናቶቼም ጭምር፣ እባካችሁ ይህን አባባል ሴት ልጅን ሥራ ለማስቀረት አትጥቀሱት። የአያቶቻችንን ድካም ማሳነስም ነው። ይልቅ ዕድሮቻችን የሠራተኛ ሴቶችን የጋገራ ተራ ወደ ቅዳሜና እሑድ ያዙሩላቸው። ወንዶቹም ከድንኳኑ ተነሥተው ውኃ ይቅዱ፣ እንጨት ይፍለጡ።