የላፕቶፕ ዋይፋይ ካርድ በሊኑክስ

ሊኑክስ የተሰኘው ስርዓተ ክወና በላፕቶፕ ላይ ሲጫን ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ዲስኩና ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ልፋት ይሠራሉ፤ ለብዙ ዓመታት ተጠቃሚውን ሲያንገላታ የኖረው ዋይፋዩ ነው። ከሌሎቹ ችግሮች የሚከፋውም መፍትሔው ራሱ ከኢንተርኔት የሚወርድ በመሆኑ ነው፤ ካርዱን የሚያስነሣው ፋይል እንዲወርድ ካርዱ አስቀድሞ መነሣት ይኖርበታል። አንድ ካርድ በሊኑክስ መሥራት አለመሥራቱ በተጠቃሚው ችሎታ፣ ወይም ደግሞ ከሊኑክስ ስርጭቶች (ተሰናድተው ከሚቀርቡ የሊኑክስ ዓይነቶች) መካከል ኡቡንቱን ትቶ ፌዶራን በመምረጡ የሚወሰን ይመስላል። ጉዳዩን አስቀድሞ የሚቆርጠው ግን ቺፑን የሠራው ኩባንያ ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጸሐፊዎች ጋር ለመሥራት ያሳየው ፈቃደኝነት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርዱን የሚያሠሩት ክፍሎች

የመጀመሪያው ክፍል ድራይቨሩ፣ ማለትም ስርዓተ ክወናው ካርዱን እንዲያዝዝ የሚያስችለው ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ ዓለም ድራይቨር የሚያዘጋጀው የካርዱ አምራች ሲሆን ተጠቃሚው ከአምራቹ ወይም ከማይክሮሶፍት ያገኘዋል፤ በሊኑክስ ግን የድራይቨሩ መኖሪያ የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ለካርዱ የተጻፈ ድራይቨር ካለ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከሌለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ፋይል ፍለጋ መዞር ሳይሆን አዲስ ከርነል መጫን ነው። በቅርቡ በተሠራ ላፕቶፕ ላይ ከአምስት ዓመት በፊት የወጣ የሊኑክስ ቅጂ ጭኖ ዋይፋይ መጠበቅ ከንቱ ድካም የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ፈርምዌሩ ነው። የዛሬ የዋይፋይ ካርዶች የራሳቸው ትንሽ ፕሮሰሰር አላቸው፤ በዚያ ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ በካርዱ ላይ በቋሚነት አይቀመጥም። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ድራይቨሩ ፈርምዌሩን ከዲስኩ አንሥቶ ወደ ካርዱ ይጭነዋል። ፋይሉ ከጠፋ ድራይቨሩ ካርዱን ያየዋል፣ ስሙንም ያውቀዋል፣ ሊያንቀሳቅሰው ግን አይችልም። ይህ ፕሮግራም የአምራቹ ንብረት ሲሆን ምንጭ ኮዱም ከጥቂት ካርዶች በስተቀር ዝግ ነው። ክፍት ምንጭ በሚባል ስርዓት ውስጥ የተዘጋ ነገር የሚገባበት ዋናው በር ይኸው ሲሆን፣ የሊኑክስ ማኅበረሰቦችን ለዓመታት ያከራከረውም እርሱ ነው።

ከእነዚህ በላይ በተጠቃሚው በኩል የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ የይለፍ ቃሉን ከራውተሩ ጋር የሚያስማማው ደብልዩፒኤ ሰፕሊካንት ወይም የኢንቴሉ አይደብልዩዲ፣ በዴስክቶፑ ጥግ የኔትወርኮችን ዝርዝር የሚያሳየው ደግሞ ሬድ ሃት በ2004 የጀመረው ኔትወርክማኔጀር ነው። እነዚህ ካርዱን አያስነሡም፤ በተነሣ ካርድ ላይ ግን እምብዛም አያስቸግሩም።

እስከ 2007 ድረስ እያንዳንዱ ድራይቨር የዋይፋይን ደንብ ለብቻው ይዞ ይዞር ነበር። በዚያ ዓመት ዴቫይስስኬፕ የተባለ ኩባንያ ከሰጠው ኮድ የተገኘው ማክ80211 የተሰኘ የጋራ ክፍል በከርነል 2.6.22 ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ስለ ቺፑ ጠባይ ብቻ መጨነቅ በቃው፤ የሊኑክስ ዋይፋይ ጎልቶ የተሻሻለውም ከዚህ በኋላ ነው።

የአምራቾቹ ታሪክ

አስቸጋሪው ዘመን ከብሮድኮም ጋር የተያያዘ ነው። የኩባንያው ቢሲኤም43 በሚል የሚጀምሩ ቺፖች በበርካታ ላፕቶፖችና በአፕል ማሽኖች ውስጥ ይገኙ ነበር፤ ኩባንያው ግን ለሊኑክስ ድራይቨርም ሆነ የቺፑን መግለጫ አልሰጠም። በጎ ፈቃደኞች የመረጡት መንገድ ረጅምና ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። አንደኛው ቡድን በራውተሮች ውስጥ ያለውን ዝግ ድራይቨር እየፈታታ ቺፑ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ አሰፈረ፤ ሁለተኛው ቡድን ዝግ ኮዱን በዐይኑ ሳያይ ያንን ጽሑፍ ብቻ እያነበበ አዲስ ድራይቨር ጻፈ። ሥራው እንዲህ የተከፈለው ኮድ ገለበጣችሁ የሚል ክስ እንዳይነሣ ነው። ውጤቱ በ2006 ከርነል 2.6.17 ውስጥ ገባ፤ በ2008 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቢ43 በተባለው ድራይቨር ተተካ።

ድራይቨሩ ቢገኝም ፈርምዌሩን ለሌላ ማደል ሕጋዊ ፈቃድ ስላልነበረው፣ ተጠቃሚው የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር ራሱ አውርዶ ፈርምዌሩን በልዩ መሣሪያ ከውስጡ ቆርጦ ማውጣት ነበረበት። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ይህን በራሱ የሚሠራ ጥቅል አዘጋጅቷል፤ ጥቅሉ ግን ሲጫን ፋይሉን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ፣ ሌላ መስመር ለሌለው ሰው የሚጠቅመው ነገር የለም። በጣልያን የብሬሻ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአንዳንድ የብሮድኮም ቺፖች ክፍት ፈርምዌር ጽፈው ማውጣታቸውም የዚሁ ትግል አካል ነው።

ኤንዲስራፐር የተባለው መላ የተስፋፋው በዚህ ዘመን ነው። ፕሮግራሙ የዊንዶውስን የኔትወርክ ደንብ በማስመሰል ለዊንዶውስ የተጻፈውን ድራይቨር በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያሠራ ነበር። ለብዙ ሰው ዋይፋይ አስገኝቷል፤ የከርነሉ ጸሐፊዎች ግን ውስጡን ሊያዩት የማይችሉት ኮድ ማሽኑን ሲያቆም ጥፋቱን መፈለግ ስለማይችሉ ከጅምሩ አልወደዱትም። ዛሬ ይህን የሚመክር የቆየ መመሪያ ያጋጠመው አንባቢ ቢያልፈው ይሻላል።

ብሮድኮም በ2008 ደብልዩኤል የሚባል ግማሽ ዝግ ድራይቨር፣ በመስከረም 2010 ደግሞ ለአዳዲስ ቺፖቹ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነ ድራይቨር አወጣ። ይሁን እንጂ በ2013 እና በተከታዮቹ ዓመታት በወጡ በርካታ ማክቡኮች ውስጥ ያለው ቢሲኤም4360 ዛሬም ከደብልዩኤል ሌላ የሚያሠራው የለም። ይህ ድራይቨር ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር እንደገና መገንባት ስላለበት፣ ትናንት ሲሠራ የነበረ ዋይፋይ ከማሻሻያ በኋላ ይጠፋል።

የአቴሮስ መንገድ ሌላ ነው። ለካርዶቹ ማድዋይፋይ የተባለ ድራይቨር ነበረ፤ ሬዲዮውን የሚቆጣጠረው ክፍል ግን ዝግ ነበር። ይህን ክፍል ክፍት ላለማድረግ ይቀርብ የነበረው ምክንያት ተጠቃሚው የሬዲዮውን ኃይልና ሞገድ ለውጦ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችን ደንብ እንዳይጥስ የሚል ነው። ሰበብ ብቻ አልነበረም፤ ሞገዱ በሶፍትዌር የሚወሰን ካርድ በእርግጥም ከተፈቀደለት ውጭ እንዲያሠራጭ ሊደረግ ይችላል። ኦፕንቢኤስዲ በተባለው ሌላ ክፍት ስርዓተ ክወና ላይ የሚሠራው ራይክ ፍሎተር ያንን ክፍል አጥንቶ በክፍት ኮድ ተካው፤ ከዚህ ሥራ የመነጨው ድራይቨርም ወደ ሊኑክስ ገባ። በሐምሌ 2008 ኩባንያው ራሱ ኤቲኤች9ኬ የተሰኘውን ክፍት ድራይቨር ለቀቀ። በላፕቶፕ ውስጥ የሚገቡት የዚህ ቤተሰብ ካርዶች ከዲስክ የሚጫን ፈርምዌር ጭራሽ አይሹም፤ ስለዚህ አንድም ዝግ ፋይል በማይቀበሉት እንደ ትሪስኬል ባሉ ስርጭቶች ተጠቃሚዎች ዘንድ ዛሬም ይፈለጋሉ። ፍጥነታቸው ግን የቆየ የዋይፋይ ደረጃ ከሆነው ከ802.11ኤን አይዘልም።

ኢንቴል በ2003 ሴንትሪኖ የተባለውን የላፕቶፕ ቺፖች ስብስብ ካወጣ በኋላ ከሊኑክስ ጋር የተሻለ ግንኙነት ነበረው። 3945 ለተባለው ካርዱ መጀመሪያ ያቀረበው ድራይቨር ከጀርባ የሚሮጥ ዝግ ፕሮግራም ይጠይቅ ነበር፤ ተቃውሞ ሲበዛበት በ2007 ያንን ሥራ ወደ ፈርምዌሩ አዛውሮ ፕሮግራሙን አስቀረው። አይደብልዩኤልዋይፋይ የሚባለው ድራይቨር የዚያ ውላጅ ነው። ፈርምዌሩ ዝግ ቢሆንም ማንም እንዲያድለው ስለተፈቀደ፣ የኢንቴል ካርድ ያለው ሰው በአብዛኛው ምንም ሳያደርግ ዋይፋዩ በርቶ ያገኘዋል። ሪልቴክ በርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ በብዛት የሚገኝና ረጅም ጊዜ ያስቸገረ ስም ነው፤ አርቲደብልዩ88 በ2019፣ አርቲደብልዩ89 በ2022 መጀመሪያ ወደ ከርነሉ ከገቡ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። ራሊንክን በ2011 የገዛው ሚዲያቴክም ዛሬ በከርነሉ ውስጥ ጥሩ ድራይቨር አለው።

ዝግ ፈርምዌርን በተመለከተ ረጅሙ ክርክር የተካሄደው በዴቢያን ነው። በ2011 የወጣው ዴቢያን 6 ዝግ ፈርምዌሮችን ከከርነሉ ለይቶ አስወጣ፤ ለመርሁ የታመነ ውሳኔ ነበር፤ የከፈለበት ግን ዋይፋይ ብቻ ያለው ጀማሪ ነው። በ2022 የፕሮጀክቱ አባላት በድምፅ አቋማቸውን ለወጡ፤ በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን በመጫኛው ውስጥ ይዞ መጣ። ለአሮጌ ዴቢያን የተጻፉ መመሪያዎች ዛሬ አንባቢን የሚያሳስቱትም በዚህ ምክንያት ነው።

የማይነሣ ካርድ ሲያጋጥም

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው የቺፑ ማንነት ነው እንጂ የላፕቶፑ ሞዴል አይደለም፤ አንዱ ሞዴል እንደ ገበያው የተለያየ ካርድ ይዞ ይሸጣልና። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ በተርሚናል፣ ላይ ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የሚለው ትእዛዝ ውስጣዊ ካርዶችን፣ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰኩትን ይዘረዝራሉ። ከስሙ ይልቅ የሚታመነው የአምራቹ መለያ ቁጥር ነው፤ 8086 ኢንቴልን፣ 14ኢ4 (14e4) ብሮድኮምን፣ 10ኢሲ (10ec) ሪልቴክን ያመለክታል። ቀጥሎ በዲሜሴጅ (dmesg) ትእዛዝ የከርነሉን መልእክቶች ማንበብ ነው፤ ፈርምዌር ጎድሎ ከሆነ የጎደለው ፋይል ስም ሳይቀር እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

የጎደለውን ለማውረድ ቀላሉ መንገድ ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ በኬብል ተሰክቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (ኢንተርኔትን በኬብል ለኮምፒውተር ማካፈያው) ሲበራ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለገመድ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ አለ። ስልኩ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ከተገናኘም ያንኑ መስመር ለላፕቶፑ ያካፍላል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው መጠኑን ማየት ይበጃል፤ ኡቡንቱ ለዓመታት ፈርምዌሮችን ሁሉ በአንድ ጥቅል ሰብስቦ ሲያቀርብ ስለቆየ ጥቅሉ በመቶዎች በሚቆጠር ሜጋባይት የሚለካ ነበር፤ ዴቢያን ግን በየአምራቹ ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ የሚፈለገውን ብቻ ማውረድ ይቻላል።

ድራይቨሩም ፈርምዌሩም ተሟልተው ዋይፋዩ የማይበራበት ጊዜ አለ። አርኤፍኪል (rfkill) የሚለው ትእዛዝ ሬዲዮው የተዘጋው በሶፍትዌር ይሁን በማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ ይነግራል፤ በአሮጌ ቲንክፓዶች ጎን ያለች ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ ስንት ሰው ስርዓቱን እንደገና እንዲጭን እንዳደረገች ቤት ይቁጠረው። ከዊንዶውስ ጋር ጎን ለጎን በተጫነ ሊኑክስ ላይ ደግሞ የዊንዶውስ ፈጣን አነሣስ (Fast Startup) ካርዱን ሙሉ በሙሉ ሳያጠፋው ስለሚተወው፣ ሊኑክስ ሲነሣ ሊቆጣጠረው ያቅተዋል፤ ያንን ምርጫ ከዊንዶውስ በኩል ማጥፋት ይፈታዋል። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሣ የሚከለክለው ጥበቃ) በበራበት ማሽን ላይ ከርነሉ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አይቀበልም፤ ደብልዩኤልን የመሰሉት ወይ በተጠቃሚው ቁልፍ ይፈረማሉ፣ ወይ ሴኪዩር ቡት ይጠፋል።

አንዱን ራውተር ብቻ የማያይ ላፕቶፕ የአገር ደንብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ ክፍሎች፣ ከቻናሎች፣ መካከል በአሜሪካ የተለመዱት ከቻናል 1 እስከ 11 ያሉት ሲሆኑ በአውሮፓ 12 እና 13ም ይሠራባቸዋል። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ላፕቶፕ ካርዱ በፋብሪካ ለዚያ ገበያ የተዘጋጀ ከሆነ በቻናል 13 የሚያሠራጭን ራውተር ሳያየው ይቀራል፤ ራውተሩን ወደ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 መመለስ ከካርዱ ጋር ከመታገል ይቀላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ካርዱን መቀየር ይቻላል፤ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ካርዱ በአንድ ብሎንና በሁለት የአንቴና ሽቦዎች የተያዘ ነው። ሲገዛ ግን ኢንቴል ኤኤክስ200 በኤኤምዲ ማሽንም ሲሠራ፣ በመልክ የሚመሳሰለው ኤኤክስ201 ከሥራው ከፊሉን ለኢንቴል ቺፕሴት (በማሽኑ ዋና ሰሌዳ ላይ ላሉት ረዳት ቺፖች) ስለተወ በሌላ ማሽን ላይ እንደማይሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ የሌኖቮና የኤችፒ ላፕቶፖችም ባዮሳቸው (ማሽኑን የሚያስነሣው መነሻ ፕሮግራም) ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ውጭ ያለ ካርድ ሲያገኝ መነሣት ይከለክላል። በእነዚህ ላይ የሚቀረው የዩኤስቢ አስማሚ ነው፤ እርሱም ቢሆን በካርቶኑ ላይ ባለው ስም ብቻ አይገዛም። ቲፒሊንክ ቲኤል-ደብልዩኤን722ኤን በመጀመሪያ ቅጂው የአቴሮስን ኤአር9271 ይዞ ነበር፤ ከሁለተኛው ቅጂ ጀምሮ ግን በዚያው ስም የሪልቴክ ቺፕ ስለገባበት፣ ገዢው የሚያየው በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን የቅጂ ቁጥር ነው።